ጠፋ፣ ተሰወረ፣ ሰወሩት

«ደብዛ» ብቻውን የማይቆም ቃል ነው። «ደብዛውን አገኘሁት» የሚል አይሰማም፤ ደብዛ ወይ ይጠፋል ወይ የለም። ዘመዶቹ «ደበዘዘ» እና «ድብዝዝ» ናቸው፤ የፈዘዘ ቀለም፣ መልኩ በቅጡ የማይለይ ነገር። ደብዛው ጠፋ ስንል ሰውየው ቀርቶ ብዥ ያለ ምልክቱም አልተገኘም ማለታችን ነው።

ስለ በዓሉ ግርማ ሲወራ የሚቀናን ይህ ሐረግ ነው። የ«ኦሮማይ» ደራሲ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ፤ ቮልስዋገኑ ብቻ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቆሞ ተገኘ። «ደብዛው ጠፋ» እንላለን፤ ዐረፍተ ነገሩም ይዘጋል። እኔን የሚቆረቁረኝ አዘጋጉ ነው።

«ጠፋ» የግዕዙ «ጠፍአ» ነው፤ የመጨረሻዋን አ አማርኛ ውጧታል። በግዕዝ እሳትም፣ መብራትም፣ ሕዝብም ይጠፋል። ከዚሁ ሥር «አጠፋ»፣ «ጥፋት»፣ «ጥፋተኛ» ወጥተዋል። ጥፋት ውድመት ነው፤ ጥፋት በደልም ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ልጁ የተወሰደበት ቤት ላይ ጎረቤት «ምን አጥፍቶ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የጠፋውና ያጠፋው በአንድ ሥር ተገናኝተው ነገሩን ከወዲሁ ይፈርዱታል። «ምነው ጠፋህ?» የሚለውን የወዳጅ ወቀሳም አስቡት፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለጠፋው ነው። ግሡ ኢተሻጋሪ ነውና ባለቤቱ ራሱ የጠፋው ሰው ነው። ሌሊት በር ያንኳኳው፣ መኪናውን የነዳው፣ ትእዛዙን የፈረመው ሰው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስፓኒሽ ተናጋሪዎችም ይኸው ገጥሟቸዋል። «ዴሳፓሬሴር»፣ መጥፋት፣ እንደኛው ኢተሻጋሪ ነበር። ከ1976 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. አርጀንቲናን የገዛው ወታደራዊ መንግሥት ሰዎችን እያፈነ ሲያስቀር፣ ሕዝቡ ሰዋስዉን ጥሶ «ሎስ ዴሳፓሬሲየሮን» አለ፤ «አጠፏቸው» እንደ ማለት፣ ግሡን ተሻጋሪ አድርጎ። ከዚያው አገር የመጡ የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ገብተው፣ ለልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግን የጅምላ መቃብሮች ቆፍረዋል።

እኛ ተሻጋሪውን ግሥ መፍጠር አላስፈለገንም፤ «ሰወረ» ከጥንት ነበረን። ግዕዙም «ሰወረ» ነው፦ ሸፈነ፣ ከለለ፣ ጋረደ። ስሜቱ የጥበቃ ነው። ዛሬም «ከክፉ ይሰውርህ» ብለን እንመርቃለን። «ተሰወረ» ደግሞ የቅዱሳን ግሥ ነው፤ ቅዱስ ያሬድ በሰሜን ተራሮች ተሰወረ ይባላል እንጂ ጠፋ አይባልም፤ በየገዳሙም «ስውራን» አሉ ይባላል። ፈጣሪ ከዓለም ዓይን የጋረዳቸው ናቸው። በቅድስና የኖረው ግሥ ወደ እስር ቤት የወረደው በእኛ ዘመን ነው።

እንዲህ ከቤተ ክርስቲያን የወረደ ሌላም አለ። «ደርግ» በ1966 ዓ.ም. ሲሰማ ለብዙው ሰው እንግዳ ቃል ነበር፤ ቡድን፣ ኮሚቴ ለማለት ከግዕዝ ተፈልጎ የወጣ ነው። የቅርብ ዘመዱ «ድርገት» ነው። በቅዳሴ ማብቂያ ካህናቱ ሥጋ ወደሙን ይዘው ለማቁረብ አብረው ሲወጡ «ድርገት ወረዱ» ይባላል። ሥሩ መተባበርን፣ አንድ ላይ መሆንን ይይዛል። በድርገት ስም የተጠራው ጉባኤ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን አስሮ በስውር አስገደላቸው። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ቀሩ። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሸሹ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

«አፈነ»ን ከ«አፍ» ጋር ማዛመድ ያጓጓል፤ ነገር ግን ነ የግሡ ሥር ናት፣ በ«አፍ» ውስጥ የለችም። ጭስ ያፍናል፣ ድምፅ ይታፈናል፣ ሰው ይታፈናል፤ ዝምድናው በትንፋሽ በኩል ነው።

የበለጠ የሚያንገበግበኝ «ፈትሐ» ነው። በአማርኛ «ፈታ»፦ ቋጠሮ ፈታ፣ እስረኛ ፈታ። ግዕዙ በዚህ ላይ «ፈረደ» ማለትም ነው፤ መፍረድ የታሰረን ነገር መፍታት ነውና። «ፍትሕ» ከዚህ ይወጣል። በሙት ላይ የሚደገመው «ፍትሐት»ም ከዚህ ይወጣል፤ ነፍስ ከኃጢአት ማሰሪያ እንድትፈታ የሚጸለይ ነው። አንዲት እናት በእስር ቤት በር ላይ ስንቅ ይዛ ተሰልፋለች እንበል። ሳህኑ በጨርቅ ተቋጥሯል፣ የልጇ ስም ተጽፎበታል። ዘበኛው ስሙን አይቶ ቋጠሮውን ሳይነካ ይመልስላታል፤ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ይላታል። መርዶ አልነገራትም። ልጇ ተፈታ? አልተፈታም። ተፈረደበት? ፍርድ ቤት አልቀረበም። ሞተ? አስከሬን የለም፤ እንደ ወጉ ፍትሐት አታስፈታለት፣ አርባውን ከምን ቀን እንደምትቆጥር አታውቅ። ሰወሩት ማለት ከዚህ አንድ ሥር የበቀለውን ሁሉ በአንድ ሌሊት መንቀል ነው። ለዚህ ነው «ጠፋ» ብሎ መጻፍን የምቃወመው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 የመረጠው «በአስገዳጅ ሰውን የመሰወር» የሚለውን ነው። ሐረጉ ሻካራ ነው፤ «አስገዳጅ» ግን የአድራጊ ስም ነውና በበር የገባው ሰው በመጨረሻ ተጠቅሷል። እዚያው አንቀጽ ላይ እንዲህ ያለው ወንጀል «በይርጋ አይታገድም» ይላል። «ይርጋ» የ«ረጋ» ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ግዕዙ «ረግዐ»፣ ከእርጎ ጋር አንድ ሥር። ዘመኑ አልፏል፣ ነገሩ ይርጋ፣ አይነካ ማለት ነው። ብዙው ክስ በጊዜው ይረጋል፤ ይህኛው እንዳይረጋ ሕጉ ከልክሏል።