ኦቾሎ ዳግም ስትጠና፦ ከአቻ ግምገማ በኋላ ያለው ፈተና

የሳይንስ ጽሑፍን ከኅትመት በፊት በሙያ አቻዎች የማስመርመር ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የገምጋሚዎችን አስተያየት በጽሑፍ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ነበር። ዛሬም አርታኢው ጽሑፉን ለሁለት ወይም ለሦስት ባለሙያዎች ይልካል፤ እነርሱም ዘዴውንና መደምደሚያውን መርምረው ይታተም፣ ይታረም ወይም ይመለስ ይላሉ። ውሳኔው ግን የአርታኢው ነው።

ይሁን እንጂ ገምጋሚ የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ሕመምተኛውን አይደለም። ይህን የሚያሟላው ሌላ ተመራማሪ ወደ ቦታው ተመልሶ የሚያደርገው ጥናት ነው። በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ ብዙ ሳትርቅ በገደል አፋፍ ላይ የምትገኘው ኦቾሎ ለዚህ ምስክር ናት። ፊት ላይ ጠባሳ የሚተወው ቁንጭር በዚያ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመ ጥናት ተዘገበ። ሌሎች ተመራማሪዎች ከ1987 እስከ 1990 ወደ መንደሯ ተመልሰው 3,022 ነዋሪዎችን ቤት ለቤት መረመሩ። በ1992 ያሳተሙት ጽሑፍ ርእስ ራሱ ኦቾሎ ዳግም መጎብኘቷን ይናገራል። የበሽታው ስርጭት ከ3.6 እስከ 4.0 በመቶ ሲሆን፣ እስከ 10 ዓመት ባሉ ሕፃናት 8.55 በመቶ ደርሶ ተገኘ። በ2019 ደግሞ ስለ አሸዋ ዝንቧና ስለ ሽኮኮ የተደረገ አዲስ ጥናት ታተመ።

እንግዲህ ድጋሚ ጥናትን «አዲስ ነገር የለውም» ብሎ የሚመልስ መጽሔት የሚያጣው አንድ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ የቀደመው እውነት የሚፈተንበትን ዕድልም ጭምር ነው።