የማዘር ቴሬዛ ቤት

እንደ ፈረስ ቤትና ቡሬ ባሉ የገጠር አካባቢዎች ጧሪ ያጣ ሰው ከዘመድ ቀጥሎ የሚጠጋው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በጸበል ቦታ ነው። አዲስ አበባን ለመሰለ ከተማ ግን ይህ ልማድ ብቻውን አይበቃም። ክፍተቱን ለመሙላት ከሚጥሩት አንዱ ማዘር ቴሬዛ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 በካልካታ የመሠረቱት የካቶሊክ ደናግል ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ በ1973፣ የወሎ ረኃብ በበረታበት ዓመት፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ ኢትዮጵያ ገባ። በዓመቱ አብዮቱ ቢፈነዳም ማኅበሩ ከአገር አልወጣም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደናግሉ ከሦስቱ የምንኩስና ስእለቶች ሌላ አራተኛ አላቸው፦ የድኾችን ድኻ ያለ ዋጋ ማገልገል። በአዲስ አበባ ካሏቸው ቤቶች የስድስት ኪሎው ጎዳና ላይ የወደቁ ሕሙማንንና ሽማግሌዎችን ያስጠጋል፤ የአስኮው ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ወላጅ አልባ ሕፃናትን አሳድጓል።