ስለ ርግብ መንገድና ሳይመለሱ ስለሚቀሩ ወፎች

ባለፈው ዓመት በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤታችን ስለ ጥንት መልእክተኞች ታሪክ ሳስተምር፥ ከሠልጣኞቹ አንዱ ተነሥቶ «ኖኅ የላካት ርግብ በሦስተኛው ጊዜ ሳትመለስ ቀረች፤ ጠፋች እንበል ወይስ ደረሰች?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሣቁ፤ እኔ ግን አልሣቅሁም። ይህ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ በልቡናዬ የኖረ ነበርና አጥጋቢ መልስ ሳልሰጠው ደወል ተደወለ። ማኅበራችን ለሚያሳትመው ለዚህ መታሰቢያ መጽሐፍ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ያን ያደረ ዕዳ በዚህ ለመክፈል ወሰንሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

እኔ የተወለድሁት በምሥራቅ ሱዳን፥ ኸሽም ኤል ቂርባ በሚባለው አገር፥ በስደተኞች ሰፈር ነው። ስሙ በዐረብኛ የውኃ እርኮት አፍ ማለት ነው። ስፍራው በአትባራ ወንዝ ዳር ይገኛል። አትባራ ምንጩ ከጣና በስተ ምዕራብና በስተ ሰሜን ካለው ደጋ ሲሆን፥ በዚያ አገር ሰቲት የሚባለው ተከዜያችን ከኸሽም ኤል ቂርባ በላይ ይቀላቀለዋል። ስለዚህ በዚያ የምንጠጣው ውኃ ወላጆቻችን ትተውት ከመጡት አገር የወረደ ውኃ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ወንዙ በግድብ ተዘጋ። በዚያው ዓመት የአስዋን ታላቅ ግድብ አገራቸውን ሊያሰጥመው ስለ ሆነ፥ ሃምሳ ሺህ ያህል የወዲ ሐልፋ ኑባውያን በባቡር እየተጫኑ ወደዚሁ አካባቢ መጥተው ሰፈሩ፤ ከተማቸውም አዲስ ሐልፋ ተባለ። ከዚያ በኋላ የእኛ ሰዎች በስደት መጡ። እንግዲህ አገሩ ከሌላ አገር በመጡ ሰዎች የተሞላ ነበር ማለት ይቻላል።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ በገበያ ርግብ ለመግዛት አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቀረብሁ። ሽማግሌው ከሐልፋ ከመጡት አንዱ ነበሩ። እኔ ደረቱ ወርቅና አረንጓዴ የሚያብለጨልጨውን ትልቁን ወንድ ርግብ ስመኝ፥ እሳቸው እጄን ይዘው «ያ ወለድ፥ ትልቁን አትግዛ፤ ትልቁ ቤቱን ያውቃል፤ ጫጩቱን ግዛ» አሉኝ። «ያ ሐጅ፥ ባስረውስ?» ብላቸው «የፈታኸው ቀን ይሄዳል» ሲሉ መለሱልኝ። እኔም ሁለት ጫጩቶች ገዝቼ በተሰነጠቀ እንስራ ውስጥ አሳደግኋቸው። የሽማግሌው ቃል ያን ጊዜ የነጋዴ ምክር ብቻ መስሎኝ ነበር።

የርግብ መልእክት ታሪክ በሙሉ የተመሠረተው በዚሁ በሽማግሌው ቃል ላይ ነው። ብዙ ሰዎች ርግብ ወደ ታዘዘችበት ስፍራ ሁሉ ደብዳቤ የምታደርስ ይመስላቸዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ርግብ የምታውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ቤትዋ የሚወስደው ነው። ከካይሮ ወደ ደማስቆ መልእክት የሚልክ ሰው አስቀድሞ የደማስቆን ርግብ በቅርጫት አድርጎ በበቅሎ ወይም በግመል ወደ ካይሮ ማስመጣት አለበት። ስለዚህ ከአንድ የርግብ በረራ በስተ ኋላ ሁልጊዜ አንድ የበቅሎ ጉዞ አለ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን የሚያወድሱት በራሪዋን ብቻ ነው።

ይህን ሥራ እንደ ግብጽ መማሉኮች በሥርዓት የያዘው አልነበረም። በ12ኛው መቶ ዓመት ኑር አድ-ዲን በሶርያ ያቋቋመውን የርግብ ፖስታ፥ ከ1260 እስከ 1277 የነገሠው ሱልጣን በይበርስና ተከታዮቹ አስፋፉት። በ1288 ዓ.ም. በካይሮ ምሽግ ብቻ 1,900 ያህል ርግቦች ነበሩ። በየመንገዱ የርግብ ግንብ ተሠርቶ፥ ከአንዱ ግንብ የመጣው ወረቀት በሌላው ርግብ ላይ እየታሰረ ይተላለፍ ነበር። በ1418 ዓ.ም. የሞተው የካይሮ ጸሐፊ አል-ቀልቀሸንዲ የመንገዶቹን ዝርዝር ትቶልናል። ከዚህም ውስጥ ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ከካይሮ ወደ ቁስ፥ ከዚያም ወደ አስዋንና ወደ ዐይዛብ የሚወርደው መስመር ነው። ዐይዛብ ዛሬ ፍርስራሹ በሐላይብ አጠገብ፥ ሱዳንና ግብጽ በሚከራከሩበት ምድር፥ በቀይ ባሕር ዳር ይገኛል። በዘመኑ ግን የመካ ተሳላሚዎችና የሕንድ ቅመም ነጋዴዎች የሚሳፈሩበት ወደብ ነበር። ከዓባይ እስከዚያ ያለውን ምድረ በዳ ግመል በብዙ ቀን ይሻገረዋል፤ ርግብ ግን በአንድ ቀን።

እጅግ የሚያስደንቀው የጥንቃቄያቸው ነገር ነው። መልእክቱ ለዚሁ በተዘጋጀና «የወፍ ወረቀት» በሚባል ስስ ወረቀት ይጻፋል፤ ረጅም ሰላምታና ማዕርግ አይጨመርበትም። አንዱ ቃል በሁለት ወረቀት ተጽፎ በሁለት ርግብ ይላካል፤ ሁለተኛይቱም የምትለቀቀው ከፊተኛይቱ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። በዝናም ቀን ወይም ሳትጠግብ ርግብ አትለቀቅም። የደረሰውን ወረቀት ሱልጣኑ ራሱ እንጂ ሌላ ሰው አይፈታውም፤ ማዕድ ላይ ቢሆን እንኳ ማዕዱን ያቋርጣል። እነዚህ ሰዎች ርግብ እንደምትጠፋ በሚገባ ያውቁ ነበር። ጥፋቱን ለማስቀረት ስለማይቻል በሥርዓታቸው ውስጥ አስገቡት።

በኤውሮፓ የሆነውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ለውድድር ርግብ ማሳደግን በ19ኛው መቶ ዓመት ከሁሉ ይልቅ ያስፋፉት ቤልጆች ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ጀርመኖች ፓሪስን በከበቡ ጊዜ የከተማይቱ ርግቦች በባሉን እየተጫኑ ወጡ፤ ዳግሮን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺም ብዙ ሺህ ደብዳቤ በአንዲት ቀጭን ፊልም ላይ አሳንሶ በጅራታቸው ላባ ላይ እንዲታሰር አደረገ። ነገር ግን ወደ ፓሪስ ከተለቀቁት ከ300 በላይ ርግቦች የገቡት 60 ያህል ናቸው። ክረምቱ፥ ጭጋጉ፥ ጭልፊቱና የአዳኞች ጥይት የቀሩትን ወሰዱ። ያን ርግብ በማሠልጠን የተመኩ ሁሉ ይህን ቍጥር ሲጠቅሱ ብዙም አይሰማም።

ርግብ ቤትዋን በምን ታውቃለች? በዚህ ነገር ሊቃውንት እስከ ዛሬ ፍጹም አልተስማሙም። ጀርመናዊው ጉስታቭ ክራመር በ1950ዎቹ ወፎች ፀሐይን እንደ ኮምፓስ እንደሚጠቀሙባት፥ ከሰዓቱም ጋራ የፀሐይን መዞር እንደሚያስተካክሉ አስረዳ። ይህ ሰው በ1959 ዓ.ም. በደቡብ ኢጣልያ ከገደል የዱር ርግብ ጫጩት ሲያወርድ ወድቆ ሞተ። ስለዚህም ስሙን ባነሣሁ ቍጥር ያ የገበያ ሽማግሌ ትዝ ይለኛል፤ እርሱም ጫጩቱን ነበር የፈለገው። አሜሪካዊው ዊልያም ኪተን በ1971 ዓ.ም. በርግቦች ላይ ማግኔት አስሮ ለቀቃቸው፤ ፀሐይ ባለችበት ቀን ማግኔቱ ምንም አላደረጋቸውም፥ ደመና በሸፈነው ቀን ግን መንገድ ሳቱ። ስለዚህ ርግብ ሁለት ኮምፓስ አላት፤ አንዱ ሲጠፋባት በሌላው ትመራለች። ኢጣልያዊው ፍሎሪያኖ ፓፒ ደግሞ በ1972 ዓ.ም. የማሽተት ስሜታቸው የተወሰደባቸው ርግቦች ወደ ቤታቸው መመለስ እንዳቃታቸው ገለጠ። እንደ እርሱ አሳብ ጫጩቱ በቤቱ ሳለ ከየማዕዘኑ የሚነፍሰውን ነፋስ ሽታ ያጠናል፤ ሰሜን እንዲህ ይሸታል፥ ምዕራብ እንዲህ ይሸታል ብሎ በልቡ ይይዘዋል። በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ተመራማሪዎችም በ2004 ዓ.ም. የለመዱ ርግቦች አውራ ጎዳናን ተከትለው ሲበሩና በመስቀለኛው መንገድ ላይ ሲታጠፉ ማየታቸውን ጻፉ። ለመምህር ከዚህ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ኮምፓስ ካርታ አለመሆኑ ነው። ሰሜን ወዴት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ራሱ ያለበትን ካላወቀ አይጠቅመውም። ኮምፓሱ ከርግብ ጋራ የሚወለድ ይመስላል፤ ካርታውን ግን በቤትዋ ዙሪያ እየበረረች ትማረዋለች።

ሆኖም አዋቂዎቹም ይጠፋሉ። በሰኔ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የእንግሊዝ የርግብ ውድድር ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፥ ከፈረንሳይ ከናንት ከተማ ስድሳ ሺህ ያህል ርግቦች ተለቀቁ። ማታ ይገባሉ ተብለው ሲጠበቁ እጅግ የሚበዙት ሳይመለሱ ቀሩ፤ ብዙ ልምድ ያላቸው ወፎችም ከእነርሱ ጋራ ቀሩ። ጆናታን ሃግስትረም የተባለ የምድር ጥናት ሊቅ ይህን ሲመረምር፥ ርግቦቹ የባሕሩን ወሽመጥ በሚሻገሩበት ሰዓት ኮንኮርድ አውሮፕላን ከፓሪስ ተነሥቶ በላያቸው ማለፉን አገኘ። ርግብ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ዝቅተኛ ድምፅ እንደ ምልክት ትከተላለች፤ የአውሮፕላኑ ነጐድጓድ ያን አጠፋባት፤ የሚለው አሳብ የእርሱ ነው። እኔ አልፈርድም።

ወደ ተወለድሁበት አገር እንመለስ። በኸሽም ኤል ቂርባና በገዳሪፍ የውድድር ርግብ የሚያሳድግ አላየሁም፤ ነገር ግን ከርግብ ይልቅ የሚሄዱ ተጓዦች በየዓመቱ ያልፋሉ። ነጭ ሽመላ ከምሥራቅ ኤውሮፓ ተነሥታ፥ ባሕርን በመፍራት በቦስፎር፥ በፍልስጥኤምና በሲና ዞራ፥ ዓባይን ይዛ ወደ ሱዳን ትወርዳለች። ክንፍዋን ሳትመታ የምትንሳፈፈው ከምድር በሚነሣው ሙቅ አየር ስለ ሆነ፥ ይህ አየር የሌለበትን ሰፊ ባሕር መሻገር አይሆንላትም። በገዳሪፍ ጥቁር አፈር ማሽላ በሚበቅልበት ሜዳ ላይ አንበጣና ትል እየለቀመች ትሰነብታለች። በልጅነታችን ሲወርዱ እንቈጥራቸው ነበር፤ መቶ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እንጣላለን።

ለእነዚህ ወፎች መጥፋት ዋና ምክንያቱ መንገድ መሳት አይደለም። መንገዱን ያውቁታል፤ ሰው ግን በመንገዳቸው ላይ ነገር አቆመባቸው። ከፖርት ሱዳን ወደ ውኃ መሳቢያ ጣቢያ የሚሄድ 31 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ መስመር በ1950ዎቹ ተተክሎ ነበር። በዚያ ምድረ በዳ ዛፍ ስለሌለ፥ ከቡልጋርያና ከቱርክ ወደ ኢትዮጵያ ቆላ ለመክረም የሚመጡት ጥንብ አንሳዎች በምሰሶዎቹ ላይ ያርፋሉ፤ ሽቦውን ሲነኩም ይሞታሉ። በ1982 ዓ.ም. አንድ ተመራማሪ ሃምሳ ያህል በድን በሥሩ አገኘ፤ በ2010 ዓ.ም. ሌሎች ዐሥራ ሰባት ቈጠሩ። መስመሩ በ2014 ዓ.ም. ተዘጋና በሌላ ተተካ። ስድሳ ዓመት ያህል በቆየበት ጊዜ በብዙ መቶ፥ ምናልባትም በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሞተዋል ተብሎ ይገመታል። ቡልጋሮች «ወፋችን ለምን ያንሳል?» እያሉ በገዛ ገደላቸው ምክንያቱን ሲፈልጉ ነበር፤ ከምክንያቱ አንዱ ግን በቀይ ባሕር ዳር ቆሞ ነበር።

በሱዳን የእህል ሜዳዎች ደግሞ የግሪሳ ወፍ መንጋ ማሽላውን እንዳያጠፋ መርዝ በአውሮፕላን ይረጫል። ገበሬው ምን ያድርግ? የግሪሳን መንጋ ያየ ሰው አይፈርድበትም። ይሁን እንጂ መርዙ ግሪሳውን ከሌላው ለይቶ አያውቅም።

ከዚህም ሌላ የሰው ጥርጣሬ አለ። በ2012 ዓ.ም. የእስራኤል ተመራማሪዎች መከታተያ ያሰሩለት አሞራ በምዕራብ ሱዳን ተይዞ «ሰላይ ነው» ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት በግብጽ በቀና አውራጃ አንዲት ሽመላ በጀርባዋ ባለው መሣሪያ ምክንያት ታሰረች፤ መሣሪያው ግን በሀንጋሪ የተደረገላት የጉዞ መመርመሪያ ነበር። ንጽሕናዋ ታውቆ ተለቀቀች፤ ጥቂት ቆይታም በአስዋን አካባቢ ሰዎች አርደው በሏት። የመጣችበትን አገር ሰዎች ያወቁት በመሣሪያዋ ሲሆን፥ የታሰረችውም በዚያው ነው።

አሁን ወደ ሠልጣኙ ጥያቄ ልመለስ። የርግብ አሳዳጊዎች መዝገብ ያልገባችውን ሁሉ «የጠፋች» ብሎ ይጽፋል። ይህ ግን የባለ ቤቱ ሒሳብ ነው። ካልተመለሱት ብዙዎቹ በጭልፊት ተበልተዋል፥ በሽቦ ተሰብረዋል፥ በውኃ ጥም ወድቀዋል፤ ይህ እውነት ነው። ሌሎቹ ግን ደክሟቸው በባዕድ ከተማ ጣራ ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ ርግቦች ጋራ ይለቅማሉ፤ ጫጩትም ይፈለፍላሉ። የእነዚያ ጫጩቶች ቤታቸው ያ ጣራ ነው። የኖኅን ርግብ በተመለከተ መጽሐፉ የሚለው ወደ እርሱ አልተመለሰችም እንጂ ጠፋች አይደለም።

በ2000 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከ1991 በፊት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት መብታቸው እንዲያበቃ አደረገ፤ ከዚያም ሰው ወደ አገሩ መጫን ጀመረ። እኔ ያን ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። በምንነሣበት ዋዜማ አባቴ ጎጆአችንን አፍርሶ ምሰሶዎቹንና ሰሌኑን ለጎረቤት ሸጠ። ርግቦቼን አከፋፈልሁ፤ አንዱን ወንድ ብቻ በተሸፈነ ቅርጫት ይዤ በገዳሪፍ፥ በገላባትና በመተማ አድርገን ጎንደር ገባን። ሰዎች ሁሉ «እንኳን ወደ አገራችሁ ተመለሳችሁ» አሉን፤ እኔ ግን አገሩን ያየሁት ያን ቀን ገና ነበር።

ርግቡን አራት ወር ዘግቼ ቀለብሁት፤ ለመደልኝ ብዬም አንድ ማለዳ ከፈትሁለት። ሦስት ጊዜ ዞረና ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ ወደ ቆላው አፋፍ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ በካርታ ላይ በማስመሪያ ብለካው 310 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ለውድድር ርግብ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከሰፈሩ ወጥቶ ለማያውቅ፥ በቅርጫት ተሸፍኖ ለመጣ ርግብ ግን ምን ያህል እንደ ሆነ ማንም አይነግረኝም። በዚያ ማለዳ እስከ ቀትር ደጃፍ ላይ ቆሜ ስጠብቅ አባቴ ወጥቶ «ተወው፥ ወደ ቤቱ ሄዷል» አለኝ። «አባባ፥ ቤቱንማ አፍርሰነዋል» አልሁት። አባቴም ጥቂት ወደ ሰማዩ ተመልክቶ ወደ ውስጥ ገባ።