ውጅግራን ያጎረሱ እጆች

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የደጋችን ጭጋግ አንዴ ከወረደ የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ከብቱም በረት ገብቷል፣ መንገዱም እስኪገልጥ ድረስ የትም አያደርስም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጠመንጃ ነው፤ ስለ ተኳሹ ግን አይደለም። ተኳሹንማ ፎካሪው በየሠርጉና በየተዝካሩ ሲያነሳው ኖሯል። እኔ የማነሳላችሁ ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ባዶውን ቀለህ ያጠበውን፣ እርሳስ አቅልጦም መልሶ የሞላውን ሰው ነው።

አያቶቻችን አብዝተው የያዟት ጠመንጃ ውጅግራ ነበረች። ባዚል ግራ የሚባል የፈረንሳይ መኮንን ያበጃት፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1874 ለጦራቸው የተመረጠች፣ አራት ኪሎ ያህል የምትመዝን፣ አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰች የምትተኩስ ረጅም ጠመንጃ ናት። ከዚያም በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ የለሽ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበን አወጡና ውጅግራን አሮጌ ብለው መጋዘን ውስጥ ጣሏት፤ ነጋዴውም ይህን ሰማና በርካሽ ገዝቶ በመርከብ ጫናት፤ ከዚያም ከባሕሩ ዳር በግመል ጀርባ ላይ ሆና፣ የአፋርን በረሃ አቋርጣ፣ ወደ ደጋው ወጣች።

ያ መንገድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ በሆነ ጊዜ፣ ወደ 2,000 የሚጠጋ ከውጅግራ እንኳ የሚያረጅ ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ታጁራ ወደብ ላይ ወርዶ ነበር። እዚያም ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ተነሣ፣ ከዚያም አራት ወር ያህል በረሃ ለበረሃ ተጓዘ፣ ከዚያም በእነሱ አቆጣጠር በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ ሐረር ዘምተው አጣቸው። ኋላም እንጦጦ ላይ ሲገናኙ ንጉሡ ዋጋውን ሰብረው ያዙበት። ነጋዴው ሲያማርር ኖረ፤ ጠመንጃው ግን አገር ገባ።

ጠመንጃው ገባ፤ ጥይቱስ? ጠመንጃ በደህና ከያዙት ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ጥይት ግን አንዴ ከጮኸ አለቀ፣ ሌላው ደግሞ ከባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ የውጅግራ ጥይት እንደ ዋዛ የሚተኮስ አልነበረም። ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያ ይመነዘር ነበር፤ ሰው ከዝናሩ አንዱን መዝዞ እህል ይሸምትበት፣ በግ ይገዛበት ነበር። እስቲ አስቡት፣ ጠላት ላይ የተኮሰ ሰው ገንዘቡን ነው የተኮሰው! ታዲያ ይህ ሰው ቀለሁን መሬት ጥሎ ይሄዳል? ጎንበስ ይላል፣ ያነሣል፣ አፈሩን በቀሚሱ ይጠርጋል፣ ከዚያም ወደ ኮረጆው ይከታል።

አንጥረኛው ጋ የሚደርሰው እንግዲህ ያ ኮረጆ ነው። አንጥረኛው ከመንደሩ ዳር፣ ከወንዙ አፋፍ፣ ለብቻው ነው ጎጆው። ቀለሁን ይቀበልና መጀመሪያ ያጥበዋል፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፣ ካልታጠበ ናሱን ይበላዋልና። ከዚያም አንገቱን በጥፍሩ እየዳሰሰ ይመረምረዋል። የተሰነጠቀውን ወዲያ ይለየዋል፤ በእሳት ተነፍቶ ጠመንጃዋ አልጎርስም የምትለውንም በእጁ ያቀናዋል። ቂጡ ላይ የነበረችው የመዳብ ቆብ ተመትታለች፤ እሷ በሌላ መተካት አለባት፣ ያለ እሷ ባሩዱ እሳት አያገኝም፤ ስትጠፋም ከጥይቱ ሁሉ ይልቅ ራስ የምታዞር እሷው ነበረች።

ከዚያ እርሳሱ ይመጣል። ልጁ ወናፉን ይረግጣል፣ ፍሙ ይቀላል፣ ሚስቱ በእጇ የሠራችው የሸክላ ገል እሳቱ ላይ ይቀመጣል። እርሳስ ብረት አይደለም፣ ብዙ አያስለምንም፤ በ327 ዲግሪ ይቀልጥና እንደ ወተት ስልባቦት ግራጫ ቆዳ ያወጣል። አንጥረኛውም ያንን ቆዳ በእንጨት ገለል ያደርገዋል፣ ከሥሩ የሚያበራው ብቅ ይላል፣ ከዚያም በጉጠት አንሥቶ በቅርጹ አፍ ያንቆረቁረዋል። ቅርጹ ከቀዘቀዘ ጥይቱ ተጨማዶ ይወጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ተመልሰው ይቀልጣሉ። እኛ አገር እንደምታውቁት ዝናቡ አይታመንም፤ ከጣሪያው አንዲት ጠብታ ገሉ ውስጥ ከወደቀች እርሳሱ ፈንድቶ ፊት ያቃጥላል። ጭሱም ቢሆን ደግ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ እርሳስ ያቀለጠ ሰው ውስጡ ይመረዛል። የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ያህል ነው፤ ከአንድ ኪሎ አርባ ይወጣል። እርሳስ በጠፋበት ጊዜ ደግሞ ብረት ቀጥቅጠው አድበልብለው ያጎረሱ ነበሩ፤ አፈሙዙን ይፍቀዋል እንጂ ባዶ እጅ ከመሆን ይሻላል ብለው።

እንዲህ እንዲህ እያለ አድዋ ደረሰ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ዘመቱ፣ የአገው ምድር ፈረሰኛም ዘመተ፣ ተራራ ወጥቶ ተራራ ወርዶ ከወራት ጉዞ በኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው ሆነ። የዚያን ቀን ተራራውን የሸፈነው ነጭ ጭስ የጥቁር ባሩድ ጭስ ነበር። ያንን ድል ስናወራ ጋሻውን፣ ጎራዴውን፣ ፈረሱን እናነሣለን፤ ይገባቸዋልም። ቀለሁን የሞላውን ሰው ግን አናነሣውም።

ከዚያ በኋላ ዘመን ተለወጠ። እኛም አገር ለበንና ምንሽር የሚባሉት ጠመንጃዎች ብቅ አሉ፤ ቀጭን፣ ርቀው የሚመቱ፣ ጭስ የሌላቸው። ነገር ግን ባሩዳቸው ከፋብሪካ የሚወጣ ነው፤ እርሳሳቸውም ጠንካራ ብረት የለበሰ ነው። የመንደር ወናፍ አይሠራቸውም። ያንን አዲስ ባሩድ በአሮጌዋ ውጅግራ እሞላለሁ ያለም ጠመንጃውን ፊቱ ላይ ያፈነዳል። ስለዚህ አዲስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ኩሩ ሆነ፣ ጥይቱ ግን በሌላ ሰው መዳፍ ገባ። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ለሁለቱም ማለታቸው ፍርድ ይመስላል፤ ጣሊያን ግን የራሱ ፋብሪካ ነበረው፣ እኛ አልነበረንም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተሰለፈው ሰው ዓይነቱ የተለያየ ጠመንጃ ይዞ ነበርና፣ የጎኑ ወንድም ጥይት ሲያልቅበት ከዝናሩ አውጥቶ ሊያቀብለው እንኳ አይችልም ነበር።

ከዚያም አርበኝነቱ መጣ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በወዲያ በኩልም በላይ ዘለቀ ጎጃምን ሲያነቃንቁ፣ ጠመንጃና ጥይት የሚገኘው ከጠላት ነበር፤ ወይ አድብቶ መግፈፍ፣ ወይ ከከዳ ባንዳ መቀበል። በጥር መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን በኩል በለያ ተራራ ደረሱ። ስንቁንና ጥይቱን የተሸከሙት ግመሎች ነበሩ፤ የቆላ ከብቶች ናቸውና ገደሉንና የደጋውን ብርድ አልቻሉትም፣ በሺህ የሚቆጠሩት በመንገድ ወድቀው ቀሩ። እንጅባራም ተለቀቀች፣ ዳንግላም ተለቀቀች፣ መጋቢት 28 ቀንም ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ፣ ወደ አንጥረኛው። ማረሻውን፣ ጦሩን፣ ጥይቱን ያበጀልን ይህ ሰው ቡዳ ተባለ፣ ጠይብ ተባለ፤ በዓይኑ ይበላል ተብሎ ልጅ ተሸሸገበት። ውጅግራውን ለማስሞላት በሌሊት ደጁን ያንኳኳው ጌታ፣ በቀን መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን አዞረበት። አፄ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ፤ ሁላችንም ከአዳምና ከሔዋን ነን፣ ባለ እጅን የሰደበ እኔን ሰደበ፣ ሲሳደብ የተገኘም ዓመት ይታሰራል አሉ። አዋጁ ተነገረ፣ ስድቡ ግን እስር ፈርቶ በሹክሹክታ ኖረ። አድዋን የመሩት ንጉሥ የባለ እጅን ዋጋ ያወቁት በመጽሐፍ አይደለም፤ ጠመንጃ ለምነው፣ ገዝተው፣ ጥይት ቆጥረው ነው።

እንጅባራ ላይ ጥር 23 ሲደርስ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ፈረሱ በቀይ ጥልፍ ያጌጣል፣ ሜዳው ይሞላል፣ የአያቶች የፈረስ ስም ይጠራል፤ አባ እገሌ፣ አባ እገሌ ይባላል። ደግ ነው፣ የፈረስ ስም እንኳ አልረሳንም። እንግዲያው በዚያ ቀን የአያቱን ውጅግራ አንሥቶ የሚፎክር ሰው ካለ፣ ቀለሁን ማን እንደሞላለት ከሽማግሌ ይጠይቅ፤ ስሙን ካገኘም ከፈረሱ ስም ቀጥሎ ጮክ ብሎ ይጥራው፤ ልጆቹም እዚያው ሜዳ ላይ ቆመው ይሰሙታልና።