ጓሮ ለዛሬ፣ ጓሮ ለክፉ ቀን

  

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጓሮ አትክልት ታሪክ ነው። “ታሪክ ማለት የንጉሥና የጦርነት ወሬ አይደለም እንዴ? ጓሮ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?” ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! እስቲ አብረን ወደ ጓሮ እንውጣ።

መጀመሪያ ጎመንን እንይ። የሐበሻ ጎመን የምንለው የዚሁ የአገራችን የደጋ ተክል ነው። ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ዕለቱን ይበላል። ዘሩ ጎመንዘር ይባላል። ጎመንዘር ደርቆ ይቀመጣል፤ እንጀራ ሲጋገርም ምጣድ ይታሰስበታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከአንድ ተክል የዛሬ ወጥም የከርሞ ዘርም ይገኛል።

በርበሬስ? በርበሬ እንግዳ ነው ብንላችሁ ታምናላችሁ? የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። አውሮፓውያን በ1492፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ወደዚያ ከመሻገራቸው በፊት በአገራችን በርበሬ አልነበረም። የጥንት እናቶቻችን ወጣቸውን የሚያጣፍጡት እንደ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ባሉ ቅመሞች ነበር። ዛሬ ግን በርበሬ ባለቤት ሆኗል። እርጥቡ ቃሪያ ዕለቱን ይበላል፤ ቀልቶ የደረቀው ተፈጭቶ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል።

ድንችም እንግዳ ነው። ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ እንደሆነ ይነገራል። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1858 ነበር። ገበሬው ግን ቶሎ አልተቀበለውም። ድንች የተስፋፋው ከታላቁ ረኃብ ወዲህ ነው። ያ ረኃብ ምን ነበር?

አያቶቻችን “ክፉ ቀን” ይሉታል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየ መከራ ነው። መጀመሪያ ከባሕር ማዶ የከብት በሽታ ገባ። በሬዎች አለቁ። ዝናብም ጠፋ። አንበጣና ተምች የተረፈውን ሰብል በላ። እስቲ አስቡት፤ በሬ ከሌለ ሞፈርና ቀንበር ምን ይሠራል? ሰፊው ማሳ ጦም አደረ። ሕዝብ እንደ ቅጠል ረገፈ። ያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ሰው በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ምሳሌ መሆናቸው ነበር።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? ማሳ በሬ ይፈልጋል። ጓሮ ግን በዶማ ይቆፈራል። በሬ የሌለው፣ አቅም ያነሰውም ሰው ትንሽ ጓሮ ማልማት ይችላል።

በደቡብ የአገራችን ክፍል፣ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እንሰት በቤት ዙሪያ ይተከላል፤ በእጅ ይኮተኮታል። ድርቅንም ይችላል። ሴቶች ፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ሸፍነው ያብላሉታል። ቆጮው ለብዙ ወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ጎተራ ከመሬት በታች ማለት ይህ አይደለም?

ጓሮ ብቻውን አገርን ከረኃብ ያድናል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ቀድሞ ያሰበ ቤትና ሳያስብ የተያዘ ቤት እኩል አይደሉም።

እንግዲህ የእናንተን ጓሮ እንዴት ታቅዱታላችሁ? መሬቱን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ለነገ ይሁን።

የዛሬው ለማድቤት ቅርብ ይሁን። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ትከሉበት። ሁሉንም በአንድ ቀን አትዝሩ። ዛሬ ጥቂት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጥቂት ዝሩ። አለዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይደርስና ግማሹ ይበላሻል፤ ኋላ ደግሞ ይጠፋል።

የነገው ራቅ ቢል ግድ የለም። በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ድንችና ዱባ ይተከልበታል። ድንችን፣ ቲማቲምንና በርበሬን ግን በየዓመቱ በአንድ ቦታ ላይ አትትከሉ። ሦስቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። ቦታ ለውጡ።

አቀማመጡንም ዕወቁ። በርበሬ ሲነቀነቅ ፍሬው እስኪንሿሿ ድረስ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። የሻገተውን አትፍጩት፤ ጤና ይጎዳል። ሽንኩርት አንገቱ እስኪጠወልግና እስኪደርቅ ይሰጣ፤ ከዚያ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይንጠልጠል። ዱባ ከነእንብርቱ ግንድ ይቆረጥ። የሚበላ ድንች ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው መርዝ አለው። ከሁሉም ደህና ደህናውን ለዘር አስቀሩ።

አሁን ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር። እናቶቻችን ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ኖረዋል። ስንቱ ዕውቀት አብሯቸው እንደተቀበረ ማን ያውቃል? እናንተ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። ደብተር አውጡ። ምን እንደ ዘራችሁ፣ መቼ እንደ ዘራችሁ፣ ምን ያህል እንዳገኛችሁ፣ እስከ መቼም እንደ ቆየ ጻፉ። ከርሞ ስታነቡት ጓሯችሁ ራሱ ያስተምራችኋል። ልጆቻችሁም ያነቡታል። ታሪክ ማለት ይኸው ነው።

“ጎመን በጤና” ይላሉ አበው። ጎመኑም ጤናውም ከደጃችሁ አይጥፋ። ደኅና ሁኑ!

ተወያዩ፦
1. በክፉ ቀን ማሳው ለምን ጦም አደረ?
2. ከጓሯችሁ ለዛሬ የሚሆነው የትኛው ነው? ለነገስ?
3. የእናታችሁን የአቀማመጥ ዘዴ በሦስት መስመር ጻፉ።