ከቃሬዛ እስከ ጤና መድን

በሀገራችን ደጋማ ገጠር ሰው በጠና በታመመ ጊዜ አስቀድሞ የሚፈለገው ቃሬዛ ነበር። ሐኪም ቤቱ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅበት፣ መኪና የሚያልፍበት ጎዳና ባልተጠረገበት፣ በክረምት ወራትም ወንዙ ሞልቶ በቅሎ እንኳ በማይሻገርበት ስፍራ፣ ሕሙሙን ለመድኀኒት የሚያደርሰው የጎረቤት ትከሻ ብቻ ስለ ነበረ፣ አባቶቻችን ይህን ትከሻ በደንብና በቃል ኪዳን አስረው ማኅበር አቆሙለት። ቃሬዛው ሁለት ረጃጅም እንጨቶች በጠፍር ወይም በገመድ ተጠልፈው የሚበጅ ሲሆን፣ ሕሙሙ በጋቢ ተጠቅልሎ ከተጋደመበት በኋላ አራት ሰዎች አንሥተውት ይሄዳሉ፤ ሌሎቹም በጎንና በኋላ እየተከተሉ፣ የፊተኞቹ ትከሻ ሲዝል ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ይቀበሏቸዋል። ዳገቱና ቁልቁለቱ እንዲህ በተራ እየተሸከሙ ያልቃል።

የጥሩምባው ድምፅ ወይም ከጉብታ ላይ የሚጮኸው ሰው ጥሪ በተሰማ ጊዜ የሚያርሰው በሬውን ፈትቶ፣ የሚወቃው መንሹን ጥሎ ይመጣል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረም በማኅበሩ ዳኛ ፊት ቆሞ ይቀጣል። ምጥ የጠናባት ወላድም ሆነች ከዛፍ ወድቆ የተሰበረ እረኛ፣ ባለጸጋም ሆነ ነዳይ፣ የሚነሣበት ቃሬዛ አንድ ነው። የተሸከመው ዋጋ አይጠይቅም፤ የተሸከሙለትም ውለታ አለብኝ ብሎ አያፍርም፤ ነገ ተራው የማን እንደሚሆን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነውና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ብሂል የሚናገረውም ይህንኑ ነው። በዛሬ ዘመን ሊቃውንት የጤና መድን ብለው በመጻሕፍት የሚያስተምሩት ነገር ሥሩ ሲመረመር ከዚህ ሌላ አይደለም፤ በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የማይታወቀውን መከራ ሳይወድቅ በፊት ለሁሉ አካፍሎ ማሳደር ነው።

ሰው በማኅበር የመረዳዳት ልማዱ በሀገራችን ጥንታዊ ነው። በየወሩ በቅዱሱ ወይም በቅድስቲቱ መታሰቢያ ቀን ጽዋ የሚጠጡት ማኅበርተኞች በሙሴያቸው መሪነት ዝክሩን ከመዘከር ጋር የታመመውን ወንድማቸውን ይጎበኙ፣ የሞተውንም ተዝካሩን ያግዙ ነበር። ሰንበቴውም እንደዚሁ በየደብሩ ደጀ ሰላም ነዳያንን ያበላ ነበር። ነገር ግን እነዚህ በአንድ ደብርና በአንድ ጸሎት ዙሪያ የተሰበሰቡ ነበሩና፣ ከየአውራጃው የመጣ፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱም የተለያየ ሕዝብ በአዲስ አበባ በተጎራበተ ጊዜ፣ ሁሉን የሚያቅፍ ሌላ ማኅበር ማስፈለጉ አልቀረም።

የከተማ ሰው ብቸኝነት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ከገለጡት ዘመናት አንዱ 1911 ዓ.ም. ነው። በዓለም ሁሉ የተዛመተው የኅዳር በሽታ በዚያ ወር አዲስ አበባን በመታ ጊዜ፣ በአንድ ቤት ያሉ ሁሉ አብረው ስለ ታመሙ ውሃ የሚያቀብል፣ ሬሳ የሚያነሣ ሰው ጠፋ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም ከታመሙት አንዱ ነበሩ። ዛሬም ድረስ ኅዳር 12 ቀን በየመንደሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ የዚያ መቅሠፍት መታሰቢያ ነው።

እድር የምንለው ተቋም የተወለደው በዚሁ በሃያኛው ምዕት ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ ነው። አጀማመሩን አንዳንዶች ወደ ከተማ ለሥራ ከመጡት ከጉራጌ ልጆች ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎችም በጣልያን ወረራ ዘመን ቤተ ሰብ በተበተነ ጊዜ እንደ ተስፋፋ ይናገራሉ። በወር አንድ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም በዕለተ እሑድ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ ገንዘብ ያዡ መዋጮውን ተቀብሎ ይፈርማል፤ ዳኛው ወይም ሰብሳቢው የተጣላውን ያስታርቃል፣ የቀረውን ይቀጣል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ሳሕኑ የሁሉም ነው። ለቅሶ በሆነ ጊዜ የእድሩ ለፋፊ ገና ሌሊት ሳለ ጥሩምባውን እየነፋ በየበሩ ያልፋል፤ እስላምና ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልደጎመው ሕዝብ እንዲህ ያለ ሥርዐት አቁሞ ከመንግሥት መንግሥት ሲቀያየር ማቆየቱ የሚያስደንቅና የሚያስከብር ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የእድር ደንብ በአመዛኙ ያተኰረው በሞት ላይ ነበር። ከፈኑ፣ መቃብሩ፣ የለቅሶተኛው እህልና ውሃ ሳይጓደል፣ ሟቹ በሕይወት ሳለ የመድኀኒት መግዣ አጥቶ የተኛ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ገበሬው ለመታከም በሬውን ይሸጥ ነበር፤ በሬ የሌለውም ሕመሙ በጸበልና በትዕግሥት እስኪያልፍ፣ ወይም እሱ ራሱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኤድስ ወጣቱን ማጨድ በያዘ ጊዜ፣ ቀብሩ ከመዋጮው በለጠና የእድሮች ካዝና ተራቆተ፤ ያን ጊዜ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን ማስታመምና የሙት ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ለሬሳ የተሰበሰበው ገንዘብ ለነፍስ ማቆያም ሊውል እንደሚገባው መከራው አስተማራቸው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተባለው ሥርዐት በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ እንግዲህ የወደቀው ባልታረሰ መሬት ላይ አልነበረም። በሙከራው ዘመን አንድ ቤተ ሰብ በዓመት የሚጠየቀው መዋጮ ከ200 ብር ብዙም የማይርቅ ነበር፤ የፌዴራል መንግሥቱም በተሰበሰበው ላይ ሩቡን ያህል ይደጉም ነበር፤ መክፈል የማይችሉትን ድኩማን ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። አባልነቱ በግለ ሰብ ሳይሆን በቤተ ሰብ እንዲሆን የተደነገገበት ምክንያት አለው፤ ከየቤቱ የታመመው ብቻ ተመርጦ ቢገባ ጤነኛው የሚያዋጣው ስለሚጠፋ ካዝናው በአንድ ክረምት ይደርቃልና። በብዙ ስፍራ ምዝገባውና ዕድሳቱ አዝመራ ተሰብስቦ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ በሚገኝበት ወራት ይደረጋል። ባለ መታወቂያው ሲታመም አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ሕመሙ የሚከብድ ከሆነም ከዚያ ወረቀት ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ከጥቂት ወረዳዎች የተነሣው ይህ ሥርዐት ዛሬ በሀገሪቱ አብዛኞቹ ወረዳዎች ደርሷል።

በዚህ መንገድ የተጓዝን እኛ ብቻ አይደለንም። በጃፓን ሀገር በፉኩኦካ አውራጃ የሚኖሩ ገበሬዎች ሩዝ እያዋጡ ሐኪማቸውን የሚያኖሩበት ልማድ ነበራቸው፤ መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1938 የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ ባወጣ ጊዜ ይህን የመንደር ልማድ እንደ አብነት ተመልክቶታል፤ በ1961ም መድኑ ለሕዝቡ ሁሉ ተዳረሰ። ርዋንዳም እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስት ወረዳዎች በሙከራ የጀመረችውን የመንደር መረዳጃ አስፍታ ለአብዛኛው ሕዝቧ አድርሳዋለች። ሁለቱም ሀገሮች የሕዝቡን ልማድ መሠረት አድርገው፣ መዋጮው ብቻውን የማይደርስበትን ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ ሞሉት።

የእኛ ሥራ ግን ገና አልተፈጸመም። መታወቂያውን ይዞ ጤና ጣቢያ የደረሰ ገበሬ «መድኀኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ሲባል፣ የሚጎዳው ኪሱ ብቻ አይደለም፤ እምነቱም ነው፤ እምነቱ የተጎዳ ሰውም በሚመጣው ዓመት አያድስም። የቃሬዛው ማኅበር ጸንቶ የኖረው የቀረው ሰው በስሙ ስለሚታወቅ፣ ጥሪው ሲሰማም ቃሬዛው ሳይታጣ ስለሚገኝ ነው። የመድኑ ካዝና ከወረዳ ወደ ዞን ሲሰፋ ትልልቅ ሸክሞችን ለመሸከም ይበረታል፤ ነገር ግን አዋጪው ገንዘቡ የት እንደ ገባ በእድሩ ጉባኤ እንደሚጠይቀው ሁሉ የሚጠይቅበትና መልስ የሚያገኝበት ሸንጎ ከሌለው፣ መድኑ ግብር ይመስለዋል።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ በሚመጣው እሑድ በእድራችሁ ጉባኤ በተቀመጣችሁ ጊዜ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ድስቱ ከተነገረ በኋላ፣ ከመንደራችሁ የጤና መድኑን መዋጮ መክፈል ያቃተው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ሲሞት ልትቀብሩት ቃል የገባችሁለት ጎረቤታችሁ ነውና፣ ሳይሞት ተሸከሙት።