ራስን ለማጥፋት መሞከርና ቅጣቱ፦ የአንድ አንቀጽ ታሪክ በፓኪስታን (1860–2022)

እስልምና የገዛ ሕይወትን ማጥፋትን በጥብቅ የሚከለክል ሃይማኖት መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚህም የተነሣ፣ ፓኪስታንን በመሰለ ወግ አጥባቂ የሙስሊም ኅብረተሰብ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈን ሰው በእስራት የሚቀጣው ሕግ ከሸሪዓ የመነጨ ይመስል ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የአንቀጹ ምንጭ ሌላ መሆኑን ማሳየትና ያስከተለውን ጉዳት ማመልከት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንቀጹ ሥር የእንግሊዝ ሕግ ነው። በዚያ አገር ራስን መግደል ለብዙ ዘመን እንደ ከባድ ወንጀል ይቆጠር ነበር፤ የሟቹ ንብረት ለዘውዱ ይወረስ፣ አስከሬኑም በመስቀለኛ መንገድ ላይ ይቀበር ነበር። የአቀባበሩ ልማድ በ1823፣ ውርሱ ደግሞ በ1870 በሕግ ቀረ። ይሁንና በማኮሌይ የተመራ ኮሚሽን ያረቀቀውና በ1860 የታወጀው የሕንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 309 ሙከራውን እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ፓኪስታን በ1947 ስትመሠረት ይህን ሕግ ወረሰች። እንግሊዝ ራሷ በ1961 ድርጊቱን ከወንጀልነት ብትሰርዝም በፓኪስታን አንቀጹ እንደ ጸና ቆየ።

ይበልጥ የሚያስገርመው በ1990 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የቂሷስና የዲያ ድንጋጌ ሲወጣ፣ ስለ ግድያና ስለ አካል ጉዳት የሚናገረው የሕጉ ክፍል ከእስልምና ሕግ ጋር እንዲስማማ ተብሎ እንደ አዲስ ተጻፈ። አንቀጽ 309 የሟች ወራሾች ለነፍሰ ገዳይ ስለሚያደርጉት ይቅርታ እንዲናገር ተደረገ። የቀድሞው ድንጋጌ ግን በአንቀጽ 325 ሥር ቀጠለ። በዚህ አኳኋን የቅኝ ገዢዎች ሕግ የሸሪዓን ልብስ ለበሰ።

የእስልምና ትውፊት ራሱ ምን ይላል? ቁርኣን በምዕራፍ 4 ቁጥር 29 ድርጊቱን ይከለክላል፤ ለሞካሪው ግን የተወሰነ ምድራዊ ቅጣት አልደነገገም። ነቢዩ ሙሐመድ ራሱን ባጠፋ ሰው ላይ የጀናዛ ሶላት ከመስገድ መታቀባቸው በሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ተዘግቧል። በዚያው ስብስብ ውስጥ ደግሞ፣ ከጡፈይል ኢብን ዐምር ጋር ወደ መዲና ስለ ተሰደደ አንድ ሰው ተተርኳል። ይህ ስደተኛ ሕመሙን መታገሥ አቅቶት ሕይወቱን ባጠፋ ጊዜ ነቢዩ አምላክ ምሕረት እንዲያደርግለት ለምነውለታል። አቡ ሐኒፋን ጨምሮ አብዛኞቹ የሕግ ሊቃውንትም እንዲህ ላለ ሟች ሶላት እንዲሰገድለት ፈቅደዋል። በሕክምናም ረገድ ከ850 ገደማ እስከ 934 የኖረው የበልኹ አቡ ዘይድ፣ ነፍስም እንደ ሥጋ እንደምትታመምና መታከም እንደሚገባት አስተምሯል። ስለዚህ ክልከላና ርኅራኄ በትውፊቱ ውስጥ ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው።

አንቀጽ 325 ግን የመጀመሪያውን ብቻ ያዘ። በካራቺ የአጋ ኻን ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪም የሆኑት ሙራድ ሙሳ ኻን ለብዙ ዓመታት በጽሑፎቻቸው እንዳመለከቱት፣ በሕጉ መሠረት እንዲህ ያለው በሽተኛ የፖሊስ ጉዳይ ይሆን ነበር። በመሆኑም ቤተሰቦች ፖሊስንና ሐሜትን ፈርተው ለዚህ ተግባር ወደ ተመደቡት የመንግሥት ሆስፒታሎች ከመሄድ ይሸሹ፣ በግል ሐኪም ዘንድም ነገሩን እንደ ድንገተኛ አደጋ ያስመዘግቡ ነበር። የተረፈው ሰው ቁስሉ ታክሞለት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ለሞት ያደረሰውን ጭንቀት የሚጠይቀው ግን አልነበረም። ቀደም ብሎ የሞከረ ሰው ዳግመኛ የመሞከሩ ሥጋት ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ሕጉ ያራቀው እርዳታ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነበር። መዝገቡም ስለተዛባ የችግሩን ስፋት መለካት አዳጋች ሆነ።

ፓኪስታን በታኅሣሥ 2022 አንቀጽ 325ን ሰረዘች። ከዚያው የሕንድ ሕግ የተቀዳ አንቀጽ 309 የነበራት ማሌዢያም በ2023 ተከተለች። እርግጥ ነው፣ የአንቀጽ መሰረዝ ብቻውን ነፍስ አያድንም። ሌላዋ የሙስሊም አገር ባንግላዴሽ በ2000 እጅግ መርዛማ የሆኑ የተባይ ማጥፊያዎችን ስታግድ፣ በእነዚህ መርዞች ምክንያት የሚደርሰው ሞት በቀጣዮቹ ዓመታት በእጅጉ ቀንሷል። ከዚህ ጋር የሠለጠኑ ሐኪሞችና የጭንቀትን ምልክት የሚያውቁ ኢማሞች ያስፈልጋሉ። ኢማሞቹ ክልከላውን ማለዘብ አያሻቸውም፤ የመዲናውን ስደተኛ ታሪክ አብረው ቢያስታውሱ፣ የተጨነቀው ሰው በጊዜ አፉን አውጥቶ ለመናገር ይደፍር ይሆናል።